አቶ በንቲ አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው ያዩበት እሑድ

ዝንቱ ዜናሁ ለበንቲ ወልደ ቶሌራ። የመካኒሳው የፊልም ዳኛ፣ ፈታሔ ድራማ፣ ሁሉን ከመሐሉ የሚያውቁት አቶ በንቲ ቶሌራ፣ በኑሪ የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ደጃፍ ባለችው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ በተሠየሙ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ይኸውም ዲሽ በየጣሪያው እንደ አሸን በፈላበትና የቱርክ ሀብታሞች አማርኛ በሚናገሩበት ዘመን፣ ወርኃ የካቲት በገባ በሁለተኛው ሳምንት የሆነውን ነገር፣ እኔ በዚያው መንደር ፎቶ ኮፒ የማነሣውና ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፈው ሰው፣ በዓይኔ ካየሁትና ካዩት ከሰማሁት ሳልጨምር፣ ብዙም ሳልቀንስ እጽፋለሁ።

አቶ በንቲ ትውልዳቸው ከላፍቶ ነው። አባታቸው ቶሌራ ጤፍ ያጭዱበት የነበረው መሬት ዛሬ አራት ፎቅ ሆኖ በየበረንዳው ልብስ ይሰጣበታል። ለእርሳቸው የቀረው በመካኒሳ አንድ ግቢ፣ በግቢውም ሁለት የፈረንጅ ላሞችና አራት የሚከራዩ ክፍሎች ናቸው። ጠዋት ባለቤታቸው ወይዘሮ ሶሬቲ ያለቡትን ወተት ለደንበኞች ያደርሳሉ፤ ከምሳ በኋላ ግን ኮታቸውን ደርበው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ መነጽራቸውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ወደ ዙፋናቸው ይወጣሉ።

የዙፋኑም ሥርዓት እንዲህ ነበር። ኑሪ የተበላሸ ቴሌቪዥን ይጠግናል። ጠግኖም ለባለቤቱ ከማስረከቡ በፊት መሥራቱን ለማረጋገጥ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ያበራዋል፤ ምስሉ ካልተንቀጠቀጠ፣ ድምፁም ካልተቆራረጠ፣ አሥር ደቂቃ ወይም ሩብ ሰዓት አቆይቶ ያጠፋዋል፤ ባለቤቱም ባጃጅ ላይ ጭኖት ይሄዳል። እንግዲህ አቶ በንቲ በአሥራ አንድ ዓመት ያዩት ሁሉ ይኸው ነው፤ የሺህ ፊልም መሐል። መጀመሪያውን ሳይደርሱበት፣ መጨረሻው በባጃጅ ተጭኖ የሄደባቸው። በቤታቸውም ቴሌቪዥን ነበራቸው፤ ነገር ግን እቤት ሲቀመጡ ገና ማስታወቂያው ሳያልቅ እንቅልፍ ያሸንፋቸው ነበር። ስለዚህም ነገር አንድ ደፋር በጠየቃቸው ጊዜ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ወተቱ መኮምጠጡን ለማወቅ ጣሳውን ሙሉ መጠጣት የለብኝም። አንድ ጉንጭ ይበቃኛል።»

ወኮነ በአንድ ወቅት፣ የአንዱ ቴሌቪዥን ቁልፍ ተጣብቆ ቻናሉ በራሱ ሲቀያየር ዋለ። አቶ በንቲም የቱርኩን ሐኪም፣ የሕንዱን ፖሊስና ስለ አዞ ኑሮ የሚያስተምረውን ፕሮግራም እንደ አንድ ታሪክ አያይዘው ተመለከቱ፤ ሐኪሙ ሚስቱን ለአዞ እንደሰጣት፣ ፖሊሱም ስለ እርሷ በየተራራው እየዞረ እንደሚዘፍን ለሕዝቡ ተረኩ። ልብስ ሰፊዋ ዘነቡ ያን ድራማ ሦስት ወር ሙሉ ፈልጋ አጣችው። ያመለጣት መስሏት እስከ ዛሬ ይቆጫታል።

ከታወቁት ፍርዶቻቸው ጥቂቱን ለትውልድ ይቆይ ብዬ መዝግቤአለሁ። ስለ ቱርክ ድራማ ሲፈርዱ፣ «በዚያ ቤት ሥራ የሚሄድ ሰው የለም፤ ሁሉም ሙሉ ልብስ ለብሶ ቁርስ ላይ ይጣላል። አንዱ ስልክ አንሥቶ እውነቱን ለሌላው ቢነግረው ኖሮ በሦስተኛው ክፍል ያልቅ ነበር» አሉ። ስለ ኮሪያ ሲጠየቁ፣ «ጃንጥላ የያዘ ሰው ፍቅር አይዘውም» አሉ። ስለ አሜሪካ ፊልም፣ «ዓለም ሁልጊዜ የምትጠፋው እነርሱ ሰፈር ነው፤ መካኒሳ ብትጠፋ ማን ይቀርጻታል?» ባሉ ጊዜ በጎን ካለው ጸጉር ቤት ጸጉሩ በግማሽ የተቆረጠ ሰው ሳይቀር ወጥቶ አጨበጨበ። ወደ አገራችን ፊልም ሲመጡ ግን ቁጣቸው ይበረታ ነበር፦ «ሀብታሙ ልጅ ደሃዋን በመኪና ካልገጫት አያፈቅራትም። ሆስፒታል የገባ ሁሉ፣ ሕመሙ ሆዱ ውስጥ ቢሆን እንኳ፣ ፋሻው የሚጠመጠመው ጭንቅላቱ ላይ ነው። አባትየው ደግሞ ሦስት ጊዜ ሳይስል አይሞትም።» ለእውነት ሲባል መነገር ያለበት፣ ከእነዚህ ፍርዶች ብዙዎቹ ትክክል ነበሩ። ሰውየውን አደገኛ ያደረጋቸውም ይኸው ነው።

ሠራዊታቸውም ይህ ነበር። ባለ ሱቁ ኑሪ፣ ሁሉን እየሰማ ምንም የማይል፣ እጁ ከመበየጃው፣ ዓይኑ ከሥራው የማይነቀል። ጸጉር አስተካካዩ ያሕያ፣ የአቶ በንቲን ፍርድ በመቁረጫው ሥር ላጎነበሰ ራስ ሁሉ የሚያደርስ፤ ደንበኛውም ጸጉሩ ግማሽ ላይ ነውና ሸሽቶ የማያመልጠው። ልብስ ሰፊዋ ዘነቡ፣ የሴት ወገብ እየለካች ፍርዱን ከሜትሩ ጋር የምታዞር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፎቅ ጥበቃ ዋቅጅራ፣ አቶ በንቲ ዛሬ ያሉትን ነገ የራሱ አድርጎ የሚናገር። አምስተኛው እኔ ጸሐፊው ነኝ።

ወእምዝ፣ ከግቢያቸው አራት ክፍሎች በአንደኛዋ ማኑሄ የምትባል ወጣት ትኖር ነበር። ከሆሳዕና መጥታ በብስራተ ገብርኤል አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ በተረፋት ጊዜ ሁሉ ትወና ትለማመዳለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በየፊልሙ ከኋላ የምታልፍ፣ ትሪ የምታቀርብ፣ በሰው ሠርግ ላይ የምታጨበጭብ ሆና ከሠራች በኋላ፣ በዚያ ዓመት «ቆልፈሽ ጠብቂኝ» በተባለ ፊልም ውስጥ ስም ያላትና የምትናገር ሰው ለመሆን በቃች። ወይዘሮ ሶሬቲ እንደ ልጃቸው ያዩአት ነበር። ቃሏን ስታጠና እርሳቸው ለላሞቹ ጭድ እየበተኑ የክፉዋን አክስት ቦታ ይዘው ይመልሱላት ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ከተጻፈው አብልጠው ይሰድቧት ነበር።

ፊልሙ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው ማስታወቂያው በቴሌቪዥን ይታይ ጀመር። ኑሪም አንድ ሰፊ ቴሌቪዥን ጠግኖ ባበራ ጊዜ ይኸው ማስታወቂያ መጣ፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ትከሻዋ እስኪዘል ስታለቅስ ታየች፣ ሙዚቃው ጮኸ፣ አለቀ። አቶ በንቲ መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሳያወጡ ፈረዱ፦ «ይህች የእኛ ግቢ ልጅ ናት። ልጅቷ ጨዋ ናት፤ ማልቀስ ግን አትችልም። እንባ የሚመጣው ከዓይን ነው፤ እርሷ ከትከሻዋ ታመጣዋለች። ይህን ፊልም ገብቶ ያየ ሰው ጊዜውን ጣለ።»

ፍርዱም በያሕያ መቁረጫና በዘነቡ ሜትር ተጭኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ መካኒሳን አዳርሶ ብስራተ ገብርኤል ገባ። ማኑሄ «ከትከሻዋ የምታለቅሰው» ተባለች። መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ሰው የሐኪም ወረቀቱን እየሰጣት ዓይኑ ትከሻዋ ላይ ያርፍ ነበር። መንገድ ላይ ሲያልፉ ትከሻቸውን ነቅንቀው የሚሳሳቁባትም ነበሩ። እርሷ በመጀመሪያ ልብሷ ተቀዶ እንደሆነ ብላ መስተዋት አየች፤ ኋላ አንዷ የሥራ ባልደረባዋ ነገሩን ነገረቻት።

ፊልሙ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚታየው በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ነበር። በመጀመሪያው እሑድ አሥራ ሰባት ሰው ገባ። ከአሥራ ሰባቱ ስድስቱ የተዋንያኑ ዘመዶች ነበሩ፤ አንዱ ደግሞ ኳስ ጨዋታው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠይቆ ወጣ። የአዳራሹም ኃላፊ፣ የሚቀጥለው እሑድ ግማሹ ወንበር ካልተያዘ ፊልሙን አወርደዋለሁ ሲል አስታወቀ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሠራዊቱ በሙሉ በሱቁ ደጃፍ ተሰብስቦ ሳለ ማኑሄ ነጩን የመድኃኒት ቤት ጋውኗን እንደለበሰች መጣች። ሰላምታ ሰጥታ በአቶ በንቲ ፊት ቆመች።

«ጋሽ በንቲ፣ ፊልሙን አዩት?»

«ማስታወቂያውን አይቻለሁ። ይበቃኛል።»

«እዚያ ላይ የምታለቅሰው እኮ እኔ አይደለሁም።»

ኑሪ መበየጃውን አስቀመጠ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራውን አቋርጦ ሲያዳምጥ ያን ዕለት ያየሁት የመጀመሪያዬ ነው።

«አንቺ አይደለሽም?» አሉ አቶ በንቲ።

«አይደለሁም። እሷ እኅቴን ሆና የምትሠራዋ ናት። ማስታወቂያው ላይ እኔ ጭራሽ የለሁበትም። ፊልሙ ውስጥ ደግሞ አንድም ቦታ አላለቅስም። ዳይሬክተሩ አልቅሺ ብሎኝ ነበር፤ ይች ሴት አታለቅስም ብዬ ሦስት ቀን ተከራክሬ ነው ያስቀረሁት።»

 እርሷም አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እሑድ ከወረደ ወደ ሆሳዕና ልመለስ ነው። ሁለት ዓመት ሞከርኩ፣ ይበቃኛል። ለእትዬ ሶሬቲ ክፍሉን እንደምለቅ መንገር አቃተኝ። እባክዎ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ይህንም ብላ ሄደች። ሠራዊቱ ወደ ዳኛው ተመለከተ። በዚያች ሰዓት አንዲት ቃል፣ ይኸውም «ተሳስቻለሁ» የምትባለው፣ ነገሩን ሁሉ ባበቃችው ነበር። ነገር ግን አሥራ አንድ ዓመት ያልተነገረች ቃል በአንድ ቀን ከጉሮሮ አትወጣምና፣ አቶ በንቲ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ «የሆነ ሆኖ የትከሻው ነገር እውነት ነው» ሲሉ አወጁ። ያሕያ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። ዘነቡ ሜትሯን ጠቅልላ ገባች።

ወደ ቤታቸውም በተመለሱ ጊዜ ነገሩን ግማሽ በግማሽ አድርገው፣ ማኑሄ አገሯ ናፍቋት ልትሄድ ነው ብለው ለባለቤታቸው ነገሩ። ወይዘሮ ሶሬቲ ግን ሙሉውን ከዘነቡ ሰምተው ነበር። እኒህ ሴት በሠላሳ ዓመት ትዳር ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ናቸው፤ ያን ዕለትም አላደረጉም። የወተቱን ባልዲ መሬት አስቀምጠው፣ በጋጣው በር ላይ ቆመው፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ባላቸውን በኦሮምኛ ጠርተው፣ የሚከተለውን አዋጅ አወጡ፦

«ያ በንቲ፣ ስማኝ። እሑድ ሄደህ ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታየዋለህ። አትተኛም። መሐል ላይ ተነሥተህ አትወጣም። እያየህ አንዲት ቃል አትተነፍስም። ሰፈሩን በአፍህ እንዳስቀረኸው ራስህ ይዘኸው ትሄዳለህ። እምቢ ካልክ ከዛሬ ጀምሮ ላሞቹን አንተ እለባቸው።»

አቶ በንቲ ላሞቹን ተመለከቱ። ላሞቹም እርሳቸውን ተመለከቱ። ከሁለቱ አንደኛዋ ከወይዘሮ ሶሬቲ በቀር የነካትን ሁሉ የምትራገጥ ነበረች። አዋጁ ጸደቀ።

ነገር ግን ሕዝቡ ፊልሙ አይረባም ተብሎ ተነግሮታልና እንዴት ይመለስ? አቶ በንቲ ሌሊቱን ሲገላበጡ አድረው ዓርብ ዕለት ከዙፋናቸው ቆመው እንዲህ አሉ፦ «እስካሁን የፈረድኩት ማስታወቂያውን ነው። ፊልሙን ገና ልፈርድበት ነው። ፍርዱን እዚያው በቦታው መስማት የሚፈልግ እሑድ ይከተለኝ።» ይህ ወሬ ከመጀመሪያው ይልቅ ፈጥኖ ሮጠ። ሰው ፊልሙን ለማየት ሳይሆን ፊልሙ ሲታረድ ለማየት ጓጓ። ስለ ጥበብ ፍቅር ከቤቱ የማይነቃነቅ ሰፈር አንድ ሰው በአደባባይ ሊዋረድ ነው ሲባል ጫማውን አስወልውሎ ጠበቀ፤ ይህንንም የምጽፈው እኔው ራሴ ጫማዬን አስወልውዬ ስለነበር ነው።

እሑድ ሰባት ሰዓት ሠራዊቱ ተነቃነቀ። ሦስት ሚኒባስ ታክሲ ከመካኒሳ ወደ ጋርመንት ተሞልቶ ሄደ። በፊተኛው ታክሲ፣ ከሾፌሩ አጠገብ፣ አቶ በንቲ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውንም በዚያ ቀን ዓይናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ከኋላቸው ወይዘሮ ሶሬቲ፣ ዓይናቸውን ከባላቸው ማጅራት ሳይነቅሉ። ኑሪ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ያሕያ ከተቆራጮቹ ጋር፣ ዘነቡ ከተለኪዎቿ ጋር፣ ዋቅጅራ የዕረፍት ቀኑ ሆኖ ሳለ የጥበቃ ልብሱን ለብሶ። በኋለኛው ታክሲ የእድሩ ሰዎች፣ ሁለት የሰንበቴ ማኅበርተኞች፣ እንዲሁም ታክሲው ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቅ የገባና መውረጃው ሲደርስ ያልወረደ አንድ መንገደኛ ነበሩ። የአዳራሹ ኃላፊ ይህን ሕዝብ ባየ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሲፈልጉ የተሳሳቱ መስለውት «እዚህ አይደለም» ሊል አፉን ከፈተ።

ወንበሩ ከግማሽ በላይ ሞላ። መብራቱ ጠፋ። ውጊያው ተጀመረ።

አቶ በንቲ የገጠሟቸው ጠላቶች ሦስት ነበሩ፤ እንቅልፍ፣ ፊኛና ምላስ። ከሦስቱ በፊት ግን አንድ ያልጠበቁት ነገር መጣባቸው፤ ፊልም መጀመሪያ አለው። በሸራው ላይ አንዲት እናት ሞታ ሁለት ልጆች ቀሩ፤ ትልቂቱ፣ ስሟ ጽጌ፣ ሰው ቤት እየሠራች ትንሿን ልታሳድግ ጀመረች፤ ጠዋት ጠዋት ስትወጣም የቤታቸውን ቆርቆሮ በር ከውጭ እየገፋች፣ «ቆልፈሽ ጠብቂኝ፤ ከእኔ በቀር ለማንም እንዳትከፍቺ» ትላት ነበር። ትልቂቱ ካደገች በኋላ ማኑሄ ነበረች። አቶ በንቲ ሰዎች በፊልም ውስጥ የሚቆጡት ምክንያት ኖሯቸው እንደሆነ ያን ጊዜ አወቁ። «እንዲህ ነው እንዴ!» ብለው ሊናገሩ ሲሉ ወይዘሮ ሶሬቲ ክንዳቸውን ቆነጠጡ።

ከዚያ ዘፈኑ መጣ። ከዘፈኑ ጋር እንቅልፍ መጣ። ትንሿ እኅትና ሀብታሙ ሙሽራዋ በአንድ መናፈሻ ውስጥ በዝግታ ይሮጣሉ፤ በዝግታም የሚሮጥ ሰው የትም አይደርስም። አቶ በንቲ አንድ ጊዜ አንገታቸው ወደቀ፤ ተቆነጠጡ። ሁለተኛ ወደቀ፤ ተቆነጠጡ። ዘፈኑ ሁለተኛ በመጣ ጊዜ የእድሩ ዳኛ አንኮራፉ። ሦስተኛ በመጣ ጊዜ፣ እውነቱን ልደብቅ አልችልም፣ ይህን የምጽፈው ጸሐፊም ዓይኑን ጨፈነ፤ ስለዚህ የዚያን ክፍል ነገር ከኑሪ ጠይቄ ነው ያሟላሁት። አቶ በንቲ ግን ክንዳቸው በቁንጥጫ እየጠቆረ ነቅተው ተገኙ።

ፊልሙ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃው ፊኛ ዘመቻውን ከፈተ፤ ከመምጣታቸው በፊት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጥተው ነበርና። እግራቸውን አጣመሩ፤ ላባቸው በግንባራቸው ወረደ፤ ወንበራቸውን አልለቀቁም። ወዲያውም ምላስ ተነሣባቸው፤ የሙሽራው አባት ጨጓራውን ታምሞ ሆስፒታል ሲገባ ጭንቅላቱ በፋሻ ተጠምጥሞ ታየ። አዳራሹ ሁሉ ወደ አቶ በንቲ ዞረ፤ ያሕያም በጉጉት ከወንበሩ ተነሣ። እርሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን በጥርሳቸው ነከሱ። ከዚያ ውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ፣ ቃል ግን አልወጣም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔም ነቅቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ትንሿ እኅት ሀብታም አግብታ፣ በትልቅ ግቢ ውስጥ የልጇን ልደት እያከበረች፣ ያሳደገቻትን እኅቷን ለባሏ ዘመዶች ማስተዋወቅ አፍራ፣ ለዘበኛው ማንንም እንዳያስገባ ነገረችው። ጽጌ በአንድ ፌስታል ለሕፃኑ ጫማ ይዛ መጣች። ዘበኛው ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት። በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ሳቅና የልደት ዘፈን ይሰማል። ማኑሄ በዚያ ብረት በር ፊት ቆመች። አላንኳኳችም። ፌስታሉን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ አዛወረችው። የሻሿን ጫፍ አስገባች። ልትሄድ ዞር ብላ ተመልሳ ቆመች፤ የከፈተላት እንዳለ ያህል እግሯን ከመግቢያው ላይ ጠረገች። ፊቷ ላይ እንባ የለም፤ ሙዚቃም የለም፤ ያ ሁሉ ጊዜ ሲጮህ የነበረው ሙዚቃ ዝም ብሏል። ካሜራው አልተነቃነቀም። እርሷም ትጠብቃለች።

በአዳራሹ መካከል አንድ ሰው ተነሥቶ ቆመ።

«ኧረ ክፈቱላት!»

አቶ በንቲ ነበሩ። ባርኔጣቸው ከእጃቸው ወድቋል።

«ሰው በር ላይ ቆሟል እኮ! ክፈቱላት!»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ወዲያው ግን ዘነቡ ከወንበሯ ላይ ሆና፣ «አዎ፣ ክፈቱላት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ የእድሩ ዳኛ፣ ከዚያ ያ መንገደኛ፣ ከዚያ እኔ። አቶ በንቲን ሊቆነጥጡ የተዘጋጁት የወይዘሮ ሶሬቲ ጣቶች የባላቸውን እጅ ይዘው ቀሩ። ማኑሄ ያን ሰዓት ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ጨለማው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። በሸራው ላይ አንድም ጊዜ ያላለቀሰችው ልጅ ምን እንደሆነች አጠገቧ የነበረው ኑሪ አይቷል፤ ሲጠየቅ ግን እንደ ልማዱ ምንም አላለም።

ፊልሙ አለቀ። ሕዝቡ ፍርዱን ለመስማት ወደ ውጭ ተንጋግቶ ወጣ። አቶ በንቲ ግን የሚወርዱትን ስሞች አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ማኑሄ ተብሎ እስኪጻፍና እስኪያልፍ፣ የሹፌሮቹም ስም እስኪያልፍ፣ ሸራው ነጭ እስኪሆን ተቀመጡ። መጀመሪያ የሄዱት ሽንት ቤት ነው። ከዚያ ወጥተው በደረጃው ላይ ቆሙ፤ አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ተጠጋ።

«ረዝሟል» ሲሉ ጀመሩ። «ዘፈኑ ሦስት ጊዜ መምጣት አልነበረበትም። ጨጓራ ለታመመ ሰው ፋሻ ምን ያደርግለታል? ያቺ ልጅ ደግሞ አሁንም ትከሻዋ ይዘላል።» ሕዝቡ ሊስቅ ተዘጋጀ። «በሩ ላይ የቆመችዋ ግን...» አሉና ቃሉ ጠፋባቸው። ሁለተኛ ሞከሩ። «በሩ ላይ የቆመችዋ...» ከዚያ ሕዝቡን ትተው በጎን ወደቆመችው ወደ ማኑሄ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ ሳላይሽ ነው የተናገርኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

 «ዘፈኑ መብዛቱን እኔም ነግሬያቸው ነበር፣ ጋሽ በንቲ» አለች ማኑሄ።

ወይዘሮ ሶሬቲ የሆሳዕናው ነገር እንዳይነሣ በዚያው ክንዷን ይዘዋት ወደ ታክሲው ሄዱ።

ፊልሙ አልወረደም። በሚቀጥለው እሑድ ወንበሩ ሁሉ ሞላ፤ በዚያኛውም ሞላ። እውነቱን ለመናገር የሚበዛው ሰው የመጣው ለመጮህ ነበር። ማኑሄ በሩ ፊት ስትቆም አዳራሹ በአንድ ድምፅ «ክፈቱላት!» ይላል፤ ከዚያ ግማሹ ተነሥቶ ይወጣል። ዳይሬክተሩም በአንድ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ፣ ተመልካቹ እንዲጮህ ከመጀመሪያው አስቦበት እንደነበር አስረዳ። ማልቀስ የለባትም ብላ ሦስት ቀን የተከራከረችው ልጅ ስም ግን በቃለ መጠይቁ ውስጥ አልተነሣም። ይሁን እንጂ ሌላ ፊልም ሠሪ ሰምቶ ጠራት፤ ክፍሏንም አልለቀቀችም።

ታላቁ ገድል ግን ይህ አልነበረም። ታላቁ ገድል የተፈጸመው አቶ በንቲ በጮኹበት እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። ኑሪ አንድ ቴሌቪዥን ጠግኖ አበራ። አዲስ የተጀመረ ድራማ ነበር፤ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ቁርስ ላይ ይጮሃል። ያሕያ መቁረጫውን አጥፍቶ ወጣ፤ ዘነቡ በመስኮት ብቅ አለች፤ ዋቅጅራ ጆሮውን አቀና። «ጋሽ በንቲ፣ ይኼኛውስ እንዴት ነው?» አለ ያሕያ። አቶ በንቲ አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ድራማውን ተመለከቱ፣ መሬቱን ተመለከቱ። ከዚያ በአሥራ አንድ ዓመት ዳኝነት ከአፋቸው ወጥታ የማታውቀውን ቃል ተናገሩ።

«አላየሁትም።»

ሠራዊቱ ደነገጠ። ያመማቸው መስሎት ያሕያ ውኃ አመጣላቸው። ማክሰኞም ጠየቋቸው፤ «ገና አላየሁትም» አሉ። ረቡዕ የጠየቃቸው አልነበረም። ሐሙስ ሕዝቡ መንገዱን ተሻግሮ ወደ ጥበቃው ዋቅጅራ ተዛወረ፤ እርሱ ድራማውን ጭራሽ አላየውም፣ ነገር ግን ሐሳብ ነበረው። እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው፤ ዋቅጅራ አሁን ለራሱ ወንበር አስገዝቷል።

አቶ በንቲ ብቻቸውን ቀሩ። በሌላ ቀን፣ ቴሌቪዥኑን ሊወስድ የመጣ አንድ ሰው ባጃጁን አቁሞ ሳለ፣ ያላለቀ ፊልም እየታየ ነበር። «ወንድሜ፣ የምትቸኩል ካልሆነ ቁጭ በልና አብረን እንጨርሰው» አሉት። ሰውየው ሰዓቱን አይቶ ባጃጁን አሰናበተና ተቀመጠ። ኑሪም ሁለት ሻይ አዘዘ።

እንግዲህ ሌሎች ጸሐፊዎች ከተማ ስለያዙና ጠላት ስለማረኩ ጌቶች ይጻፉ። እኔ የምጽፈው ሰው ሁሉ ሳያይ በሚፈርድበት ዘመን፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ በአንድ ወንበር ላይ ነቅተው ስለተቀመጡ፣ ክንዳቸው የቆሰለ፣ ፊኛቸው የታገሠ፣ ባርኔጣቸው የተነከሰ ስለ አንድ ወተት ሻጭ ነው። ክብር ለአቶ በንቲ ወልደ ቶሌራ፣ ከመካኒሳ እስከ ጋርመንት ላሉት ዳኞች ሁሉ አለቃ፣ ያላዩትን አላየሁም ለማለት ለደፈሩት ብቸኛ ተመልካች! ዕድሜያቸው ይርዘም፣ ዓይናቸው አይድከም፣ ግቢያቸው ልጅ አይጣበት። አሜን ለማለት የፈለገ ሁሉ ግን አስቀድሞ ፊልሙን ሄዶ ይየው።